ዜና ካርታ ዘምድረ ጎጃም

በዘመነ መሳፍንት፥ ራስ አሊ በደብረ ታቦር ተቀምጠው፥ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴም ጎጃምንና ዳሞትን ሲገዙ፥ በፈረንጆች ቍጥር በ1841 ቻርልስ ቢክ የሚባል እንግሊዛዊ ከሸዋ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገባ። አስቀድሞ ነጋዴ ነበረ። ከባሶ ገበያ አጠገብ በየውሽ ተቀመጠ።

ባሶም በዚያ ወራት ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ከዓባይ ማዶ፥ ከእናርያ፥ ቡናና የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድም፥ ባርያም ይወርድባት ነበር፤ መገበያያው አሞሌ ጨው ነበረ። ቢክ ካርታ ሊሠራ ራሱ የረገጠውን መንገድ በኮምፓስ እያየ ጻፈ፤ ያልረገጠውን ግን ከነጋዴዎች አፍ ሰማ። ነጋዴ የሚቈጥረው በቀን መንገድ ነበርና፥ እርሱ ያን ወደ ማይል ይመልስ ነበር። እንግዲህ ከዓባይ በስተደቡብ ያለው የካርታው ወገን የባሶ ነጋዴዎች ሥራ ነው። በላዩ የተጻፈው ስም ግን የቢክ ብቻ ሆነ፤ ይህም ለዚህ ጸሐፊ ግፍ ይመስለዋል።

በ1843 በምጽዋ አድርጎ ወጣ። የሎንዶን የንጉሥ ጂኦግራፊ ማኅበር መንገዱን በመጽሔቱ አወጣለት፤ አሳታሚውም ጆን መሪ ነበረ። በ1845 የወርቅ ሜዳልያ ሰጡት።

በዚያ ዘመን ከማኅበሩ ካርታዎች ብዙዎቹን የሚያዘጋጅ ጆን አሮስሚዝ ነበረ፤ ሱቁም በሎንዶን በሶሆ አደባባይ። ካርታ የሚቀረጸው በመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ ሲታተም እንዲቃና ቀራጩ ፊደሉን ሁሉ ገልብጦ ይጽፍ ነበር። ተራራውን በጥቃቅን ጭረት ያበጅ ነበር፤ የደጋው ሰንሰለትም ወረቀቱ ላይ የተጋደመ አባ ጨጓሬ ይመስል ነበር። ቀለሙን ኋላ በብሩሽ በእጅ ይቀቡት ነበር።

ከዚህም በኋላ ጠብ ሆነ። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ከፋ ደርሻለሁ ቢል፥ ቢክ «አልደረስህም» ብሎ ተሟገተው፤ ፓሪስ ለራሱ የሸለመችውንም ሜዳልያ መለሰ። ዳባዲ ግን ከተራራ ወደ ተራራ እያነጻጸረ የለካውን ከ1860 ጀምሮ በፓሪስ አሳተመ፤ የእርሱም ቃል ጸና። ወንድሙ አርኖ ከደጃዝማች ጎሹ ጋራ የዘመተ ሰው ነው።

በ1862 ኤድዋርድ ስታንፎርድ የሚባል ካርታ አሳታሚ የሎንዶንን ከተማ አንዱን ማይል በስድስት ኢንች አድርጎ፥ መንገዷን ሁሉ አሳተመ። በ1874ም አሮስሚዝ ከሞተ በኋላ የመዳብ ሰሌዳዎቹን ገዛ። ከተማቸውን እስከ ጓሮ ድረስ ያወቁ ሰዎች ግን፥ ጎጃምን የሚከብበውን የዓባይን ሸለቆ ብዙውን በነጠብጣብ መስመር አልፈውት ነበር፤ ገደሉ ጠልቆ፥ ቆላውም ወባ ነበረበትና አልደፈሩትም።

ነጠብጣቡን የሞላው ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ነው፤ በበቅሎና በእግር የሸለቆውን ጫፍ እየተከተለ ለካው። መጽሐፉን ማክሚላን በ1936 አሳተመው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኢጣልያኖች ደብረ ማርቆስ ገቡ።