የላስታ የግድግዳ ሥዕሎችና የፎቶግራፍ ምስክርነት

ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ተጽፏል። ነገር ግን ከተጻፈው አብዛኛው ስለ ድንጋዩ ነው፤ ይኸውም ዓለቱ እንዴት እንደ ተፈለፈለ፣ ማን እንዳሠራውና በምን ያህል ጊዜ እንደ ተፈጸመ የሚመረምር ነው። በእነዚሁ አብያተ ክርስቲያናትና በላስታ ምድር በሚገኙት በሌሎቹም ግድግዳ፣ ዓምድና ጣሪያ ላይ ያሉት ባለ ብዙ ቀለም ሥዕሎች ግን የዚያን ያህል አሳቢ አላገኙም። ድንጋይ ቢሰነጠቅ ይጠገናል፤ ከግድግዳ የረገፈ ቀለም ግን ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ አንድ ሥዕል ሲደበዝዝ ወይም ሲጠፋ ለታሪክ ተማሪ የሚቀርለት ዋና ማስረጃ በልዩ ልዩ ጊዜ የተነሣው ፎቶግራፍ ነው።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የላስታ የግድግዳ ሥዕሎች ለውጭው ዓለም የታወቁበትንና በፎቶግራፍ የተመዘገቡበትን ታሪክ ባጭሩ መግለጽ ነው። ሁለተኛው፣ ፎቶግራፍ መቼ የታሪክ ማስረጃ እንደሚሆንና መቼ እንደማይሆን መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ሥዕሎቹ የሚገኙባቸው ቦታዎች

ከብዙዎቹ መካከል ሦስቱን ቦታዎች ብቻ እንውሰድ።

የመጀመሪያው በላሊበላ ከተማ የሚገኘው ቤተ ማርያም ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ሲታይ ከጎረቤቱ ከቤተ መድኃኔ ዓለም ያነሰ ነው፤ ውስጡ ግን ከሁሉም ይልቅ ያጌጠ ነው። ቅስቶቹና ጣሪያው በልዩ ልዩ ሐረግ ተሥለዋል፤ ከፍ ብሎ በሚገኘው የግድግዳ ክፍል ላይም ከወንጌል የተወሰዱ ታሪኮችና የእንስሳት ሥዕሎች ይታያሉ። ከምዕራባዊው በር በላይ ደግሞ ሁለት ፈረሰኞች በድንጋዩ ላይ ተቀርጸዋል። የሥዕሎቹ ዘመን እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንትን ያከራክራል።

ሁለተኛው ከላሊበላ በስተ ሰሜን በተራራ ዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በትውፊት የሚነገረው ከንጉሥ ላሊበላ አስቀድሞ በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ እንደ ተሠራ ነው። ይህ ከዓለት የተፈለፈለ ሳይሆን በእንጨትና በድንጋይ ረድፍ በረድፍ የተገነባ ነው። የጣሪያው የእንጨት ሥራ በቀለም ያጌጠ ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች በአገራችን እስከ ዛሬ ከተገኙት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ በዕድሜ ከቀደሙት መካከል ይቈጠራሉ። በዘመን ብዛት ስለ ጠቈሩ ግን በባዶ ዓይን ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ከላሊበላ በስተ ምሥራቅ ያለችው ገነተ ማርያም ናት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ከዓለት የተፈለፈለች ስትሆን ዘመንዋ የዐፄ ይኵኖ አምላክ እንደ ሆነ ይታመናል። ይኵኖ አምላክ በ1270 የዛጔን መንግሥት አፍርሶ እስከ 1285 ድረስ የነገሠ ነው። በገነተ ማርያም ዓምዶችና ግድግዳዎች ላይ ከሐዋርያት፣ ከጻድቃንና ከሰማዕታት ሥዕሎች ጋር የንጉሡ የራሱ ሥዕል ስሙን ከያዘ የግእዝ ጽሑፍ ጋር ይገኛል።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለታሪክ ተማሪ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ዛጔን ያፈረሰው ንጉሥ በዛጔ አገር በላስታ እምብርት፣ በቅዱሳን መካከል ተሥሎ ይታያል። አዲሱ መንግሥት ራሱን ለአገሬው ሰው እንዴት አድርጎ ለማሳየት እንደ ፈለገ ከዚህ መገመት ይቻላል። ታሪከ ነገሥቱ ከዘመኑ ርቆ በተጻፈበት ጊዜ ግድግዳው የዘመኑ ሰነድ ሆኖ ይቆማል ማለት ነው።

፪. ከቃል ወደ ምስል

ላሊበላን አይቶ ለአውሮፓ አንባቢ በሰፊው የጻፈው የመጀመሪያው ሰው ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የተቀመጠው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬስ ነው። መጽሐፉ በ1540 በሊዝበን ታተመ። አልቫሬስ ያየውን ሁሉ ለመጻፍ አልደፈረም፤ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ፈራ የጻፈው እውነት መሆኑን በመሐላ እስከ ማረጋገጥ ደርሷል። ይህ የቃል ብቻ ምስክርነት ምን ያህል ጠባብ እንደ ሆነ ያሳያል።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው አሺል ራፍሬ ስለ ላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የጻፈውን መጽሐፍ በ1882 በፓሪስ አሳተመ። በዚህ ጊዜ ከቃሉ ጋር የእጅ ንድፍ ተጨመረ። ንድፍ ግን በነዳፊው እጅና ዓይን በኩል የሚያልፍ ስለሆነ፣ የሐበሻ ሥዕል በአውሮፓዊ እጅ ሲገለበጥ ጥቂት አውሮፓዊ መልክ መያዙ አይቀርም።

ፎቶግራፍ በሥርዓት የገባበት ጊዜ የጣልያን ወረራ ዘመን መሆኑ የሚያሳዝን ግን የማይካድ ነው። አሌሳንድሮ አውጉስቶ ሞንቲ ዴላ ኮርቴ በ1940 በሮም ያሳተመው መጽሐፍ የላሊበላንና የላስታን አብያተ ክርስቲያናት በሰፊው የሚገልጽ ነበር። ሥራው የተሠራው አገሪቱ ነጻነቷን ባጣችበት ወራት ሲሆን የሠሩትም የወራሪው መንግሥት ሰዎች ነበሩ። ሆኖም የታሪክ ተማሪ ማስረጃውን ስለ ባለቤቱ ክፋት አይጥለውም፤ ለምን ዐላማ እንደ ተዘጋጀ አውቆ ይመረምረዋል እንጂ።

ከነጻነት በኋላ ብዙ ሰዎች መጡ። ከነዚህ መካከል ስዊሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ጌኦርግ ገርስተር በ1968 በጀርመንኛ፣ በ1970 ደግሞ በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፉ የዓለት አብያተ ክርስቲያናትን ሥዕሎች ከነቀለማቸው ለብዙ አንባቢ አሳየ። ከዚያም ወዲህ ሚካኤል ገርቨርስና ኤቫ ባሊትስካ ቪታኮቭስካ የኢትዮጵያን ሥዕሎች በፎቶግራፍ ሰብስበው በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ «መዝገበ ሥዕላት» የተባለውን ስብስብ አቋቋሙ። እነዚሁ ሁለት ሊቃውንት ስለ ይምርሐነ ክርስቶስ የግድግዳ ሥዕሎች የመጀመሪያ ጥናታቸውን በ2001 አሳትመዋል።

፫. ፎቶግራፍ የሚያሳስትባቸው መንገዶች

ካሜራ አይዋሽም የሚል አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ አለ። ካሜራ ባይዋሽም እንኳ የያዘው ሰው ይመርጣል፤ ከዚህም የተነሣ ፎቶግራፍ ቢያንስ በሦስት መንገድ ሊያሳስት ይችላል።

አንደኛ፣ ቀን የሌለው ፎቶግራፍ ያሳስታል። በ1966 ዓለም አቀፍ የሐውልቶች መጠበቂያ ድርጅት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመተባበር፣ በጣልያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ መሪነት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ማደስ ጀመረ። ሠራተኞቹም ቀደም ባለው ጥገና ጊዜ የተቀባውን እንደ ሬንጅ ያለ ልባጥ አስወገዱ። በ2008 ደግሞ ቤተ ማርያምን ጨምሮ በአንዳንዶቹ ላይ ከዝናብ የሚከላከል ትልቅ መጠለያ ተተከለ። እንግዲህ ከ1966 በፊት፣ ከዚያ በኋላና ከ2008 በኋላ የተነሡ ሦስት ፎቶግራፎች ሦስት ልዩ ልዩ ሕንፃዎች ሊመስሉ ይችላሉ። ቀኑን የማያውቅ ተመልካች የጥገና ሠራተኛውን ሥራ የጥንቱ አናጢ ሥራ ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። በሥዕልም ላይ እንዲሁ ነው፤ በኋላ ዘመን የተደረበ ቀለም ከጥንቱ የሚለየው ቀደም ብሎ ቀኑ ተጽፎበት የተነሣ ፎቶግራፍ ሲገኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ቈርጦ የወጣ ፎቶግራፍ ያሳስታል። አንሺው ለመጽሐፍ የሚያምረውን፣ ለምሳሌ የአንድ ቅዱስን ፊት ወይም የአንድ ፈረስን አንገት ብቻ አቅርቦ ያነሣል። ከላይ የጠቀስነውን የይኵኖ አምላክን ሥዕል እናስብ። ፊቱ ብቻ ቢነሣ ዐይኑ ትልልቅ የሆነ አንድ ሰው እናያለን እንጂ ሌላ ነገር አናውቅም። ስሙን የያዘው ጽሑፍ፣ ግራና ቀኙ ያሉት ሥዕሎች፣ ወደ መቅደሱ ያለው ርቀት ሲታከልበት ግን የመንግሥት ታሪክ ይሆናል። የረገፈውና የተሰነጠቀው የግድግዳ ክፍልም ቢሆን አያምርም ተብሎ መተው የለበትም፤ ጉዳቱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚታወቀው በእርሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ብርሃንና ቀለም ያሳስታሉ። በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀይና አረንጓዴ አንድ ዐይነት ግራጫ መስለው ሊወጡ ይችላሉ። የቀለም ፊልም ራሱ በጊዜ ብዛት ይለወጣል። በዛሬው ዲጂታል ካሜራም ቢሆን የሻማ ብርሃን ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፤ ከፊት ለፊት የሚተኰስ ብልጭታ ደግሞ ግድግዳውን ያንጸባርቀዋል፣ የልስኑንም ጐድጓዳና ጕብታ ያጠፋዋል። በአንጻሩ ከጎን የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን የልስኑን ስንጥቅና የተጫረውን መሥመር ያጐላል። በይምርሐነ ክርስቶስ እንዳሉት ለጠቈሩ ሥዕሎች ደግሞ ዓይን የማያየውን ብርሃን የሚቀበል ካሜራ አንዳንድ ጊዜ የተሰወረውን መሥመር ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ፎቶግራፉ በምን ብርሃን እንደ ተነሣ ካልታወቀ ስለ ቀለሙ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ አጠራጣሪ ነው።

፬. የአጀንታ ትምህርት

የእኛን ጕዳይ ለመረዳት በሕንድ አገር ከሆነው ማነጻጸር ይጠቅማል። በሕንድ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኙት የአጀንታ ዋሻዎች እንደ ላሊበላ ከዓለት የተፈለፈሉ ናቸው፤ ውስጣቸውም በቀለም ሥዕል የተሞላ ነው። እንግሊዛዊው መኰንን ሮበርት ጊል ከ1844 ጀምሮ ብዙ ዓመት ተቀምጦ ሥዕሎቹን በዘይት ቀለም ገለበጠ። ግልባጮቹ ወደ ለንደን ተልከው በክሪስታል ቤተ መንግሥት ለሕዝብ ሲታዩ ሳለ በ1866 በተነሣው እሳት አብዛኞቹ ነደዱ። ከዚያ በኋላ የቦምቤይ የሥዕል ትምህርት ቤት ኀላፊ ጆን ግሪፊትስ ከተማሪዎቹ ጋር ከ1872 እስከ 1885 ሥዕሎቹን እንደገና ገለበጠ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1885 በለንደን በደረሰ ሌላ ቃጠሎ ጠፉ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ምዝገባው ሁሉ በአንድ ሩቅ ቦታ ሲከማች አንድ ክብሪት ይበቃዋል። ሁለተኛው፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ፤ በቦምቤይ ዓመታት ሙሉ ግድግዳ ሥር ቆመው የደከሙት ተማሪዎች ነበሩ።

በአገራችንም ቢሆን አደጋው ሩቅ አይደለም። ላሊበላ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብታለች፤ ይህ ክብር ግን ከዝናብም ከጦርነትም በራሱ አይጠብቅም። በ2021 ከተማይቱ በጦርነቱ ጊዜ ከአንዱ ወገን እጅ ወደ ሌላው መተላለፏን ሁላችንም እናስታውሳለን።

፭. ለተማሪዎች የሚቀርብ ሐሳብ

ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክ የያዘ መንገደኛ ሁሉ ሥዕሎቹን ያነሣል፤ ታዲያ ተማሪው ምን ይጨምራል የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ከላይ ከተባለው ይወጣል። የጐደለው የፎቶግራፍ ብዛት ሳይሆን ፎቶግራፉን ማስረጃ የሚያደርገው ጽሑፍ ነው። በትግራይ የሚገኙት የዓለት አብያተ ክርስቲያናት በሊቃውንት ዘንድ በሰፊው የታወቁት አባ ተወልደ መድኅን ዮሴፍ በ1966 በአዲስ አበባ በተደረገው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ ላይ ከመቶ በላይ የሆኑትን በስም ዘርዝረው ባቀረቡ ጊዜ ነበር። ያን ያህል ፍሬ ያፈራው በጥንቃቄ የተዘጋጀ ዝርዝር ነው።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ወደ እነዚህ ቦታዎች ሲሄድ የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቅማል። በመጀመሪያ ከደብሩ አለቃና ከገበዙ ፈቃድ ይጠይቅ፤ ቦታው የጸሎት ቤት እንጂ የሥዕል ማሳያ አይደለምና የቅዳሴውን ሰዓት ያክብር። ቀጥሎ ግድግዳውን በሙሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል፣ በመጨረሻም ጽሑፉን ብቻ ለይቶ ያንሣ። በሥዕሉ አጠገብ መለኪያና የቀለም ናሙና ካርድ ቢያኖር፣ ነገር ግን ግድግዳውን ባይነካ መልካም ነው። በማስታወሻው ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና የብርሃኑን ዐይነት ይጻፍ። ቀለሙንም በቃል ይግለጽ፤ ካሜራ የሳተውን ቃል ያርመዋልና።

ከዚህም በላይ ካህናቱ ሥዕሉን ማን ብለው እንደሚጠሩትና ምን ታሪክ እንደሚነግሩለት ይጠይቅ። የካህናቱ ስያሜና የሊቃውንቱ ስያሜ ባይስማሙም ሁለቱንም ጐን ለጐን ይመዝግብ እንጂ አንዱን አይሰርዝ። ሥዕሉ በአገሬው ሰው ዘንድ የኖረው በዚያ ስም ነው።

በመጨረሻም ግልባጩ በሦስት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ፣ ሁለተኛው በ1963 በተቋቋመው በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ ሦስተኛው በሌላ ቤተ መጻሕፍት። በውጭ አገር ያሉትን ስብስቦች የሠሩ ሊቃውንት ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የገነተ ማርያም ካህን የደብሩን ሥዕል የቀድሞ መልክ ለማየት ባሕር መሻገር የለበትም። ምሁራኑ ስለ ሥዕሎቹ ዘመን ክርክራቸውን ለመቀጠል ጊዜ አላቸው፤ ቀለሙ ግን አይጠብቃቸውም። ክርክሩ ማስረጃ እንዳያጣ ምዝገባው መቅደም አለበት፤ ይህም ሥራ በእኛ በተማሪዎች ዐቅም ሊጀመር የሚችል ነው።