ያገለገለ ፈጣን መኪና ሲገዙ ሊታዩ የሚገባቸው ነጥቦች

በሥራ ቀናት ለዘወትር ጉዞ፣ በእረፍት ቀናት ደግሞ በእሽቅድድም ሜዳ የሚነዳ ባለ አራት በር መኪና የሚሹ አሽከርካሪዎች ጥቂት አይደሉም። በጀርመን ለዚህ ከሚመረጡት አንዱ ኢ 90 የተሰኘውና እስከ 2011 (እ.ኤ.አ) የተመረተው ቢ ኤም ደብሊው ኤም 3 ነው። ባለ 8 ሲሊንደሩ ሞተር 4 ሊትር ይዘትና 420 የፈረስ ጉልበት አለው።

ይሁንና ሞተሩ የታወቀ ድክመት አለበት። የቢዬላ ብሮንዚኖቹ ያለ ጊዜያቸው ሊያልቁ ይችላሉ፤ በወቅቱ ካልተቀየሩም ሞተሩን ከጥቅም ውጪ ያደርጋሉ። በጀርመን በየ2 ዓመቱ የሚካሄደው የቴክኒክ ምርመራ የሞተሩን ውስጥ ስለማይከፍት፣ ምርመራውን ማለፉ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ስለሆነም ገዢው ከኪሎ ሜትር ንባቡ ይልቅ የጥገና ደረሰኞችን ሊመረምር ይገባል። ብሮንዚኑ ስለመቀየሩ ማስረጃ ከሌለ፣ የመቀየሪያው ወጪ በዋጋ ድርድሩ ሊታሰብ ይገባዋል።

20 ነጥብ 8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የኑርቡርግሪንግ ሰሜናዊ መም ለሕዝብ ክፍት በሚሆንባቸው ቀናት መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍሎ ሊነዳበት ይችላል። በዚያ ፍጥነት ያረጀ የፍሬን ዘይት ሊፈላና ፍሬኑ ሊከዳ ስለሚችል፣ ከጉዞው በፊት ዘይቱን መቀየር፣ ሸራውንና ጎማውንም ማስፈተሽ ያስፈልጋል። በርካታ የኢንሹራንስ ውሎች በእሽቅድድም ሜዳ የሚደርስን ጉዳት ስለማይሸፍኑ፣ ውሉን አስቀድሞ ማንበብ ይገባል።

ከግዢው ገንዘብ የተወሰነውን ለጥገና ማስቀረት ያልቻለ ሰው፣ ጉልበቱ አነስ ያለ ነገር ግን በሚገባ የተያዘ መኪና ቢመርጥ ይሻለዋል።