የትምህርት ቤት ሜዳና ሕዝቡ

የእግር ኳስ ታሪክ በሀገራችን ሲነሣ በቅድሚያ የሚወሳው የአዲስ አበባው ስታዲየምና በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣበት ዕለት ነው። መወሳቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን ኳስ ወደ ሰፊው የገጠር ሕዝብ የደረሰው በስታዲየም በር ሳይሆን በትምህርት ቤት ሜዳ በኩል ነው።

ስፖርቱ በመጀመሪያ የማን እንደነበረ ማስታወስ ይጠቅማል። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ፣ በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከቅዱስ ጊዮርጊስ በስተቀር ተወዳዳሪዎቹ የአርመን፣ የግሪክ፣ የኢጣልያና የእንግሊዝ ማኅበረሰቦች ቡድኖች ነበሩ፤ አሸናፊውም የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ሆነ። ጨዋታው በዚሁ ቢወሰን ኖሮ የእንግዶች መዝናኛ ሆኖ በቀረ ነበር። ከዚህ ክበብ ያወጡት ተማሪዎችና አስተማሪዎች ናቸው። በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን የበቁት ይድነቃቸው ተሰማም የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ።

ወደ ምዕራብ ደቡብ ወሎ ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቦረናና ሳይንት በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተቆራረጡ ደጋዎች ናቸው። ገደል በበዛበት አገር ለጥ ያለ መሬት ራሱ ሀብት ነው፤ እርሻው፣ ግጦሹ፣ ገበያው፣ በዓሉ ሁሉ ይሻማበታል። የወሎ ሕዝብ ኳስን ከማወቁ አስቀድሞ ሜዳን ያውቅ ነበር። በልደት ሰሞን ሩር የሚመታበት፣ በጥምቀት ፈረሰኛው ጉግስ የሚገጥምበት፣ ሙስሊሙ የዒድ ሶላት የሚሰግድበት የጋራ ስፍራ ነበርና። ገና በሚጫወት ጎበዝ ፊት እግር ኳስ ፈጽሞ እንግዳ ሊሆን አይችልም፤ ሁለት ወገን፣ አንድ ሩር፣ አንድ ግብ ቀድሞውንም ነበሩት። ልዩነቱ ዱላው መቅረቱና ዳኛው ፊሽካ መያዙ ነው።

እንደ አጅባርና መካነ ሰላም ባሉ ከተሞች የትምህርት ቤት ሜዳ የዚህ የጋራ ስፍራ ወራሽ ሆነ። የግቡ ቋሚ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ኳሱ ብዙ ጊዜ በካልሲ የተጠቀጠቀ ጨርቅ ነው። ተመልካቹ የሚቀመጠው ዳገቱ ላይ ነው፤ ጋቢውን የተከናነበ ገበሬ፣ ከገበያ ተመላሽ ሴት፣ በጎቹን የረሳ እረኛ። ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ የሚያመነታ አባት ወደ ግቢው የሚጠጋው አንዳንዴ በኳስ ሰበብ ነበር፤ ይህም ከብዙ ስብከት ይበልጣል። ከፍ ያለ ትምህርት የፈለገ ወጣት ደግሞ ወደ ደሴ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ወደተሰየመው ወደ ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ያቀና ነበር። ለክረምት ሲመለስም ከመጽሐፉ ጋር የጨዋታውን ሕግ ይዞ ይመጣል።

በሌላው ዓለም ነገሩ የተለየ ጎዳና ተከትሏል። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በ1920 ዓ.ም. የከፈተው ስታዲየም ዛሬ ከ100 ሺሕ በላይ ሰው ይይዛል፤ ከከተማው ነዋሪ ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። (ኳሳቸው በአብዛኛው በእጅ የሚያዝ መሆኑን ልብ ይሏል።) እዚያ ሕዝቡ የሚገባው ቲኬት ቆርጦ ነው። የኛው ሜዳ ግን ቲኬትም በርም አልነበረውም፤ ስለዚህም የማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው ከአጥር ጋር ነው። ተማሪ ሲበዛ ተጨማሪ መማሪያ ክፍል ያስፈልጋል፤ ለግንባታ የሚቀናው ደልዳላው መሬት፣ ማለትም ሜዳው ነው። ክፍሉም ሜዳውም ለዚያው ልጅ ናቸውና ምርጫው ቀላል አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት። ዩኒቨርሲቲ ያለ አጥርና ያለ ጥበቃ አይኖርም፤ በአጥሩ ላይ የከተማው ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳሱን ይዞ የሚገባበት በር ይኑር አይኑር መወሰን ግን የግቢው አስተዳደርና የከተማው ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባ ጉዳይ ነው።