ዜማን በሲዲ ስለ መገልበጥ

ዜማ በአየር ተሰምቶ የሚያልፍ ነገር ስለ ሆነ፥ ሰዎች ይዘው ሊያቆዩት ብዙ ዘመን ደከሙ። በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. ቶማስ ኤዲሶን ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማ መሣሪያ በአሜሪካ ሠራ። ከዚያም በኋላ ሸክላና ካሴት ተከታትለው መጡ። ነገር ግን ካሴት ከካሴት ሲገለበጥ ባዕድ ድምፅ እየተጨመረበት ዜማው እየደከመ ይሄድ ነበረ፤ የልጅ ልጅ ቅጂ እናቱን ሊመስል አልቻለም። ይህም ድካም ሳይታሰብ ለባለዜማው አጥር ሆኖት ኖረ።

አጥሩን ያፈረሰው ሲዲ ነው። የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ በ1980 ዓ.ም. በሥርዐቱ ተስማሙ፤ በ1982 ዓ.ም. ዲስኩ ለገበያ ወጣ። በዚህ ሥርዐት ድምፅ በቁጥር ይጻፋል። መሣሪያው በአንዲት ሴኮንድ 44,100 ጊዜ የድምፁን ልክ እየለካ፥ የቀኙንና የግራውን ለየብቻ ይመዘግባል፤ ሌዘር የተባለው የብርሃን ጨረርም ያነበዋል። ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ሲገለብጥ ፊደል ቢገድፍ አራሚ ያቀናለታል። ሲዲም አራሚ አለው፤ ኢርቪንግ ሪድና ጉስታቭ ሰለሞን በ1960 ዓ.ም. ባሳተሙት የሒሳብ ስልት፥ ዲስኩ ጥቂት ቢጫር የጠፋው ቁጥር ከቀረው ተሰልቶ ይመለሳል።

በመዠመሪያ ዜማ ያለበት ሲዲ የሚታተመው በፋብሪካ ብቻ ነበረ። በ1988 ዓ.ም. ግን ታይዮ ዩደን የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚጻፍበትን ባዶ ዲስክ ሠርቶ አሳየ። ይህ ዲስክ በውስጡ ቀለም ተቀብቷል፤ በርታ ያለ ጨረር ያረፈበት ነጥብ ተለውጦ እንደ ጽሕፈት ይነበባል። ስለዚህ ሥራው «ማቃጠል» ተባለ። በ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ዋጋው ሲረክስ ወደ ቤት ኮምፒውተር ገባ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ዜማውን ከዲስኩ አንብቦ ያኖረዋል፤ ባለቤቱ ዜማዎቹን በወደደው ተራ ያሰልፋል፤ ድምሩም እንደ ዲስኩ ዐይነት ከ74 ወይም ከ80 ደቂቃ እንዳያልፍ ይጠነቀቃል፤ ከዚያም ባዶውን ዲስክ አግብቶ ይጽፋል። በመጨረሻ ማውጫው ተጽፎ ዲስኩ ይዘጋል፤ ሳይዘጋ የቀረውን ተራ ማጫወቻ አያነበውም።

በሚገባ የተሠራ ቅጂ ቁጥሩ ከእናቱ ቁጥር ጋራ አንድ ነው፤ ቅጂው ደግሞ ቢገለበጥ ዜማው አይደክምም። ሕግም የፈረሰውን አጥር ሊተካ ሞከረ። አሜሪካ በ1992 ዓ.ም. በቁጥር ድምፅ በሚቀዳ መሣሪያና ለእርሱ በተዘጋጀ ባዶ ዲስክ ላይ ለባለዜማዎች የሚከፋፈል ክፍያ ደነገገች፤ ኮምፒውተር ግን ለሌላም ሥራ የተሠራ ነውና ከሕጉ ውጭ ሆነ። በኢትዮጵያም በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ።

ይኸው ችሎታ ለጉዳት ብቻ አልሆነም። ክሩ ሊበጠስ የደረሰ አሮጌ ካሴት ወደ ሲዲ ተገልብጦ ይድናል። ይሁን እንጂ የተቃጠለው ዲስክ ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛልና፥ ጠባቂው በጥላ ሊያኖረው፥ ሳይጠፋም እንደ ገና ሊገለብጠው ይገባል።

ዛሬ ብዙ ኮምፒውተር ያለ ዲስክ ማንበቢያ ይሠራል፤ ጥያቄው ግን አልተሻረም። ቀድሞ ለባለዜማው አጥር የሆነው የመሣሪያው ድካም ነበረ፤ አሁን የቀሩት ሕግና የሰሚው ሕሊና ናቸው። ሕግም ከየቤቱ ገብቶ አይቆምምና፥ የሚበዛው ሸክም በሕሊና ላይ ወድቋል።