ስለ ዕንቍላል ወጥ ጥንትነትና ጥቅም

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሲፈጸም፣ በወልድያም ሆነ የሀብሩ ወረዳ ከተማ በሆነችው በመርሳ፣ የተቻለው ቤተ ሰብ በትንሣኤ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሶ የሚፈስከው በዶሮ ወጥ ነው። በወጡም ውስጥ ተቀቅሎ የተላጠ ዕንቍላል አይታጣም። ብዙ ሰው ይህ ወጥ እንዳለ ከጥንት አባቶች የወረደ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ተመርምሮ የታየ እንደ ሆነ ከየሀገሩ የተሰበሰበ ሆኖ ይገኛል።

ዶሮ አስቀድሞ በእስያ ከዱር ተለምዶ ኋላ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ነው። በትግራይ መዝበር በሚባለው ስፍራ ተቈፍሮ የተገኘው የዶሮ አጥንት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረ ነው። ኮረሪማ የኢትዮጵያ ተወላጅ ነው፤ ዝንጅብል ከእስያ ነው። በርበሬ ግን የአሜሪካ ተክል ነውና፣ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1492 አስቀድሞ በኢትዮጵያም በህንድም አልታወቀም። የህንድ ሰዎች ዕንቍላል ቀቅለው የሚሠሩት የቅመም ወጥም በበርበሬ መቅላቱ ከዚያ ወዲህ ነው። እንግዲህ ጥንታዊው ጾሙና መፈሰኩ ነው እንጂ የወጡ መቅላት አይደለም።

ጣዕሙም የሚመጣው ከትዕግሥት ነው። ሽንኵርቱ ያለ ቅባት በዝግታ ከበሰለ በኋላ በርበሬው፣ ቀጥሎም የተነጠረው ቅቤ ይገባል። ዕንቍላሉ ወጡ እንዲሠርገው በቢላዋ ጫር ጫር ተደርጎ በመጨረሻ ይጨመራል፤ አስኳሉም የበርበሬውን ማቃጠል ያበርዳል።

በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ፣ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ዕንቍላል ግን የሚታረድ ስላይደለ፣ ለብቻው ተቀቅሎ ለጎረቤት ቢቀርብ የሚያለያይ ነገር የለበትም።

50 ግራም የሚመዝን ዕንቍላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን፣ ለዓይን የሚበጀውን ቪታሚን ኤ፣ ለደም የሚያስፈልገውንም ቪታሚን ቢ12 ይዟል። ዳሩ ግን ዕንቍላሉ ወደ ገበያ ሲወጣ ወይም ለበዓል እንግዳ ሲጠራቀም፣ ሕፃኑ በሽሮ ብቻ የሚያድግበት ቤት አለ። ቤተ ክርስቲያን ከ7 ዓመት በታች ያለውን ሕፃን ጹም ብላ አታስገድድም። ስለዚህ ለሕፃን አንድ ዕንቍላል መንፈግ ከልማድ የመጣ እንጂ ከሕግ የመጣ አይደለም፤ ልማድም እንደ በርበሬው ሁሉ፣ ጥንታዊ ቢመስልም ጊዜ ያመጣው ነውና ጊዜ ሊለውጠው ይችላል።