ካት

በኔትወርክ ኬብል ሽፋን ላይ ታትሞ የሚታየው «ካት» ምድብ ማለት ሲሆን፣ ተከታዩ ቁጥር ኬብሉ መረጃን በምን ፍጥነትና እስከ ምን ርቀት ሊያስተላልፍ እንደሚችል ያመለክታል። በውስጡ ያሉት 8 ቀጫጭን ሽቦዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው የተገመዱት ለጥንካሬ ሳይሆን አንዱ ጥንድ የሌላውን ምልክት እንዳያውክ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያው በጫፉ ላይ ኮኔክተር ሲገጥም ግምዱን ከሚገባው በላይ ከፈታው፣ የኬብሉ ደረጃ በሽፋኑ ላይ ተጽፎ ብቻ ይቀራል። ካት 5ኢ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሰከንድ 1 ጊጋቢት ስለሚያደርስ ኮምፒውተርን ከራውተር ጋር ለማገናኘት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል፤ የራውተሩ ወደብ ከ1 ጊጋቢት የማያልፍ ከሆነም ካት 6 መግዛቱ ፍጥነት አይጨምርም። ከቁጥሩ ይልቅ መጤን ያለበት የሽቦው ዓይነት ነው፤ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም በዋጋ ቢረክስም በቀላሉ ይሰበራል፣ የምድቡንም መስፈርት አያሟላም።