ኤአር-15ን በአሜሪካ በሕጋዊ መንገድ መግዛትና ማሻሻል

ኤአር-15 ክፍሎቹ የሚፈቱና የሚቀያየሩ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው፤ ቃታው አንዴ ሲሳብ የሚተኩሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እንደ ጠመንጃ የሚቆጠረው ቃታው የሚገጠምበትና መለያ ቁጥር ያለው ሎወር ሪሲቨር ነው። ስለዚህ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ይህን ክፍል ብቻ የሚገዛ ሰውም ቅጽ 4473 ይሞላል፣ የወንጀል ታሪኩም ይጣራል።

በቅጹ ላይ መዋሸት ወንጀል ነው። ለሌላ ሰው እየገዙ «ለራሴ ነው» ማለትም እንዲሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ቅጹ የሕገ ወጥ ዕፅ ተጠቃሚ መሆንንም ይጠይቃል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት አንዱ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ሰደፍ፣ እጀታና ማነጣጠሪያ መቀየር በፌዴራል ሕግ ይፈቀዳል። መሣሪያውን አውቶማቲክ ማድረግ ወይም ያለ ቅድመ ፈቃድ አፈሙዙን ከ16 ኢንች ማሳጠር ግን እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ዜጋ ላልሆነ ሰው የመሣሪያ ወንጀል ከአገር ሊያስባርርም ይችላል።

የክፍለ ግዛት ሕግም ይለያያል። ሜሪላንድ በ2013 አብዛኞቹን የኤአር-15 ዓይነቶች፣ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ በ2023 ሽያጩን ከልክለዋል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀልድም ቢሆን ወደ ወንድም መሣሪያ ማመልከትን ከልክለዋል። የምንኖርበትን አገር ሕግ ማክበርም ሆነ መሣሪያን ከልጆች ቆልፎ ማስቀመጥ አማና ነው።